ማረሻውን ወድደን ቀጥቃጩን ስለ ምን እንንቃለን?

ሥራ ከእርግማን የመጣ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምረንም። አዳም ገና ሳይበድል፣ እሾኽና አሜከላም ሳይበቅልበት፣ ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ በገነት እንደ ተቀመጠ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ተጽፎአል። ከበደል በኋላ የመጣው ድካሙና ላቡ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ስለዚህ ሥራን የሚንቅ ሰው ከበደል በፊት የተሰጠንን ክብር መናቁ ነው።

የድንኳኑን ንዋያት የሠራው ባስልኤል የእጅ ጥበብ የተሰጠው ከእግዚአብሔር መንፈስ ነው። ጌታችንም በናዝሬት ሲኖር ሰዎች ጸራቢ እያሉ ይጠሩት ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሲሆን፣ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር። ይህን ሁሉ በየሰንበቱ እየሰማን፣ ከቅጽሩ ስንወጣ ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን እንሰድባለን፤ ይህም አልበቃ ብሎን ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል እንላለን። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን እንሄዳለን፤ ልጁን ግን ለልጃችን አንሰጥም።

ክቡራን አንባብያን፣ እስኪ ቤተ ክርስቲያናችንን በዓይነ ልቡና እንመልከት። መስቀሉን፣ ጽናውንና ጸናጽሉን የሠራው ማን ነው? አንጥረኛው አይደለምን? ከበሮው የተለጎመበትን ቆዳ ያለፋ ማን ነው? መጋረጃውንስ እግሩን ከጉድጓድ አውርዶ መወርወሪያውን ሲወረውር የዋለው ሸማኔ አይደለምን? የመሥዋዕቱ ስንዴ የገበሬው ላብ ነው፤ ገበሬውም ያለ ቀጥቃጩ ማረሻ አንድ ትልም አያወጣም።

እኛም በልጅነታችን ዳዊት የደገምነው በብራና ነው። ቆዳው ከውኃ ተነክሮ፣ በእንጨት ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጕሩ ተፍቆ፣ በፀሐይ ደርቆ ብራና እስኪሆን ድረስ ስንት ቀን እንደሚደከምበት ያወቅነው ግን ዘግይተን ነው። ቃሉን ስንስም የፋቂውንም ድካም አብረን እንደምንስም ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናስተምርበት ክፍል የአንዲት ሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር። ጓደኞቹ ከእርሱ ጋር በአንድ ወንበር አንቀመጥም አሉ። እኛም «ልጆች ናቸው፣ ይረሱታል» ብለን ለብቻው ከኋላ አስቀመጥነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ ቀረ። ሦስት ሳምንት ቢሆነው ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ አፈር ስትለውስ አገኘናት። አፈሩን ከሩቅ በጀርባዋ ታመጣለች፤ የተወቀጠ ገል ቀላቅላ ትረግጠዋለች፤ ጀበናውንና ምጣዱን በእጅዋ ታበጃለች፤ በጥላ አድርቃ፣ በድንጋይ አለስልሳ በእሳት ትተኵሳለች። ከእሳቱም ስንጥቅ ብሎ የሚወጣው የብዙ ቀን ድካምዋን ይዞ ይቀራል።

«መምህር» አለችን፤ «ልጄ ትምህርቱን አልጠላም፤ ለብቻው ያስቀመጡበትን ወንበር ነው የጠላው።»

የምንመልሰው ቃል አጣን። እርስዋ ግን ቡና አፈላችልን። ልጁ ከምሰሶው ሥር ቆሞ፣ ስኒውን ወደ አፋችን እስክናደርስ ድረስ ዓይኑን ከእኛ ላይ አላነሣም። ጠጣን፤ ሁለተኛውንም ጠጣን። በማግሥቱ ልጁን ከፊት ወንበር ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥነው፤ ጥፋቱ የመምህሩ እንደ ሆነም በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ተናገርን። ልጁ ትምህርቱን ቀጠለ፤ የቀረበት ሦስት ሳምንት ግን የእኛ ዕዳ ሆኖ ይኖራል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። አዋጅ እስከ አደባባይ ይደርሳል፤ እስከ ማጀት ግን አይገባም። ሕፃን ስድብን የሚማረው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በእናት በአባቱ ገበታ ዙሪያ ነው እንጂ።

እንግዲህ መድኃኒቱም ከዚያው ከቤት ነው። ልጆቻችን የሠራተኛውን ስም በስድቡ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ይወቁት፤ አባት የሚሆነውን አባባ፣ እናት የምትሆነውን እማማ ይበሉ። በገበያም ስንከራከር የሰውየውን ድካም አናቃልል፤ ዋጋውንም ሳናዘገይ እንክፈል። ዝክር በደገስን ጊዜ ሸክላ ሠሪዋን በደጅ አናስቁማት፤ ከገበታው ትቀመጥ። ልጆቻችንም መዶሻና መርፌ ይያዙ፤ እጁ የደከመ የሌላውን እጅ መናቅ ይከብደዋልና።

ነገ ጧት ጀበናው ከምድጃው ሲቀመጥ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይህን ጀበና ያበጀች እጅ የማን ናት ብለን ልጆቻችንን እንጠይቅ። የሚሰጡን መልስ ምን እንዳስተማርናቸው ይነግረናል።