«ብሎ ጠየቀኝ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

በዚህ እትም የእንግሊዝኛ ትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው፣ ሌላ ሰው የጠየቀውን ጥያቄ መልሶ ስለ መናገር ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሰዋስው «ሪፖርትድ ስፒች» ይባላል። ጉዳዩ የክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በክሊኒክ፣ በራሽን ማደያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቃለ መጠይቅ ጊዜ የሚያጋጥመን ነው።

አንዲት እናት «ባለቤትሽ ከመለያየታችሁ በፊት ምን አለሽ?» ተብላ ተጠየቀች እንበል። በአማርኛ «ወደ ሱዳን እሄዳለሁ አለኝ» ብትል ሂያጁ ባልየው መሆኑን ሁላችንም እንረዳለን። ይህንኑ ቃል በቃል «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ጎ ቱ ሱዳን» ብትል ግን፣ እንግሊዝኛ አድማጩ የሚረዳው ወደ ሱዳን የምትሄደው እርሷ ራሷ እንደሆነች ነው። ፋይሉም ላይ እንዲሁ ይጻፋል። በሌላ ቀን «ሱዳን ለመሄድ አስቤ አላውቅም» ስትል ቃሏን የለወጠች ትመስላለች። ሴትዮዋ አልዋሸችም፤ ያሳሳተችው «አይ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። ትክክለኛው አነጋገር «ሂ ቶልድ ሚ ሂ ዉድ ጎ ቱ ሱዳን» ነው።

የስሕተቱ ምክንያት ግልጽ ነው። አማርኛችን የተናጋሪውን ቃል ከአፉ እንደ ወጣ ይዞ «አለ» ወይም «ብሎ ጠየቀ» ይጨምርበታል። ደግነቱ ሌላም መንገድ አለን። «‹የት ትኖራለህ?› ብሎ ጠየቀኝ» በማለት ፈንታ «የት እንደምኖር ጠየቀኝ» ማለት እንችላለን። ይህ ሁለተኛው ለእንግሊዝኛው ይቀርባል። ስለዚህ በመጀመሪያ በሐሳባችሁ «ብሎ» የሚለውን ወደ «እንደ» ለውጡት፤ ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። ቀጥሎ ያሉትን አራት ነጥቦች ጠብቁ።

አንደኛ፣ ተውላጠ ስሙ ይለወጣል። ነርሷ እኅታችሁን «አር ዩ ሲክ?» ብላ ጠይቃት ከሆነ፣ ለሐኪሙ ስትነግሩት «ዘ ነርስ አስክድ ማይ ሲስተር ኢፍ ሺ ዎዝ ሲክ» በሉ። «ዩ» የሚለውን ከተዋችሁት ሐኪሙ ስለ ራሱ የተነገረ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የጥያቄው ቅርጽ ይቀራል። «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ» የሚባሉት የመጠየቂያ ረዳት ግሦች ይወጣሉ፤ ባለቤቱ ከግሡ በፊት ይመጣል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌር አይ ሊቭድ» ይሆናል። «ሂ አስክድ ሚ ዌር ዱ አይ ሊቭ» ማለት ስሕተት ነው። ስትጽፉም በመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ሳይሆን ነጥብ አድርጉ።

ሦስተኛ፣ መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ለሆነ ጥያቄ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» ይገባል። በአማርኛ «እንደሆነ» እንደምንለው ማለት ነው። «ዱ ዩ ሃቭ ቺልድረን?» የሚለው «ሺ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ሃድ ቺልድረን» ይሆናል። «ዌር»፣ «ዌን»፣ «ሁ» እና «ዋይ» በሚሉ ቃላት የሚጀምር ጥያቄ ግን «ኢፍ» አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ጊዜው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። «ዊል» ወደ «ዉድ»፣ «ካን» ወደ «ኩድ»፣ «ሃቭ» ወደ «ሃድ» ይለወጣል። «ዌን ዲድ ዩ አራይቭ?» የሚለው «ሂ አስክድ ሚ ዌን አይ ሃድ አራይቭድ» ይሆናል። «ቱሞሮ» የሚለውም «ዘ ኔክስት ዴይ»፣ «የስተርዴይ» ደግሞ «ዘ ዴይ ቢፎር» ይባላል። የተጠየቀው ነገር አሁንም እውነት ከሆነ ጊዜውን ሳይለውጡ መናገርም ይፈቀዳል፤ ተውላጠ ስሙ ግን ምንጊዜም መለወጥ አለበት።

እስቲ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች «ሺ አስክድ ሚ» በሚል ጀምራችሁ ለውጧቸው፦ «ዌር ኢዝ ዩር ካርድ?» እና «ካን ዩ ሪድ?»። መልሶቹ «ሺ አስክድ ሚ ዌር ማይ ካርድ ዎዝ» እና «ሺ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ኩድ ሪድ» ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህን ትምህርት ማቅረባችን ጉዳያችሁን በእንግሊዝኛ እንድትናገሩ ለመገፋፋት አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው የመመሪያ መጽሐፍ፣ ጥገኝነት ጠያቂው ጉዳዩን ለማቅረብ ብቁ አስተርጓሚ ማግኘት እንዳለበት ተገልጿል። ስለዚህ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አትፈሩ። የተጻፈው ቃላችሁም እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። በእንግሊዝኛ ስትናገሩ «ሂ» እና «አይ» ከተምታቱባችሁ ደግሞ ተውላጠ ስሙን ትታችሁ «ማይ ሀዝባንድ»፣ «ማይ ብራዘር» እያላችሁ ሰውየውን ጥሩት። ንግግሩ ባያምርም ማን ምን እንዳለ ግልጽ ይሆናል።