ከፋኑ በፊት ዲናሞው

ኤምጂቢ የተባለችው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ተመርታለች። ለአብዛኛው ዘመኗ ፋኗ የሚዞረው የውሃ ፓምፑን በሚያዞረው ቺንጋ ነበር። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ይህ ፋንም አብሮ ይለግማል። በትራፊክ መጨናነቅ መሀል ሙቀት ያስቸገራቸው ባለቤቶች ታዲያ በኤሌክትሪክ ፋን ሊተኩት ይነሳሉ። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ምርጫው ግን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው የአየር መጠን መጀመር የለበትም።

መጀመሪያ ሙቀቱ መቼ እንደሚወጣ ማጣራት ያስፈልጋል። መኪናዋ በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ስትሮጥ ከፊት የሚገባው ነፋስ የፋኑን ሥራ ይሠራል። በዚህ ፍጥነት ጌጁ ከወጣ፣ በዝገት የተደፈነ ራዲያተር፣ አልከፈት ያለ ቴርሞስታት ወይም የተዛባ ታይሚንግ መፈለግ ይሻላል። ፋን የሚታደገው ቆማ ወይም እያዘገመች የምትሞቀውን ነው።

ዋናው ጣጣ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። እስከ 1967 ድረስ የተሠሩት ኤምጂቢዎች የሉካስ ሲ40 ዲናሞ ነበራቸው። ሞተሩ በደንብ ሲዞር እንኳ ቢበዛ የሚሰጠው 22 አምፔር ነው፤ በሚኒሞ ደግሞ ባትሪ አይሞላም ማለት ይቻላል። 120 ዋት የሚወስድ ፋን በ12 ቮልት 10 አምፔር ይፈልጋል። ማታ የፊት መብራት ሲጨመርበት ጭነቱ በሙሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ፋኑ አብዝቶ የሚፈለገው ዲናሞው ከሥራ ውጭ በሆነበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ከ1967 ማብቂያ ጀምሮ የገባው አልተርኔተር በዝቅተኛ ዙርም ስለሚያመነጭ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል።

ኤሌክትሪኩ ከተስተካከለ በኋላ ስለ አየሩ ማሰብ ይቻላል። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው ፋኑ ፊት ምንም ሳይጋረድ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ራዲያተር ሲገጥመው አየሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ፋኖችን በዚህ ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ከራዲያተሩ በስተኋላ ሆኖ አየር የሚስበው ፋን ከፊት ሆኖ ከሚገፋው ይመረጣል፤ የፊተኛው መኪናዋ ስትሮጥ የሚገባውን ነፋስ በከፊል ይጋርዳል። የኋላውን ለመግጠም ግን በራዲያተሩና በፓምፑ መካከል ያለውን ክፍተት አስቀድሞ መለካት ግድ ነው። ዙሪያውን የሚሸፍን ቆርቆሮ ካለው ደግሞ አየሩ በጎን ሳያመልጥ በመላው ራዲያተር ውስጥ ያልፋል።

ፋን ሲነሳ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይጎትታል። ስለዚህ የሙቀት ስዊቹ ጭነቱን በቀጥታ መሸከም የለበትም፤ ሪሌውን ያዝዝ፣ ፋኑም የራሱ ፊውዝና ወፍራም ገመድ ይኑረው። ዲናሞ ባላቸው ነባር ኤምጂቢዎች ቦዲ ላይ የታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ገመዱ ሳይገለበጥ ከተገጠመ ፋኑ በተቃራኒው ይዞራል። ይህን ለማረጋገጥ ፋኑን አስነስቶ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት መያዝ ነው፤ ወረቀቱ ራዲያተሩ ላይ ከተለጠፈ አዟዟሩ ልክ ነው።

እንግዲህ ዲናሞዋን ላልቀየረች ኤምጂቢ ራዲያተሩን አሳጥቦ፣ ቺንጋውን አጥብቆ በነባሩ ፋን መቀጠል ይሻላል። አልተርኔተር ላላት ግን ከኋላ የሚስብና መሸፈኛ ያለው ፋን፣ የአየር ቁጥሩ መጠነኛ ቢሆንም፣ የተሻለ ምርጫ ነው።