አራት መቶ ተማሪ ስንት መረጃ ይሰጣል? የናሙና መጠንና የትምህርት ቤት ተጽዕኖ

በትምህርት ዘርፍ በሚቀርቡ የመመረቂያ ጽሑፎች ምዕራፍ ሦስት ውስጥ የታሮ ያማኔ ቀመር በብዛት ይገኛል። የጥናቱ ሕዝብ 20,000 ተማሪ፣ የሚፈቀደው ስህተት 5 ከመቶ ከሆነ፣ 20,000 ለ51 ተካፍሎ 392 ይመጣል፤ ተመራማሪውም ቁጥሩን ወደ 400 አስጠግቶ ወደ መስክ ይወጣል። ስሌቱ እንከን የለውም። ሆኖም ቀመሩ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው፣ በቀላል ዕጣ እንደተመረጠ ታሳቢ ያደርጋል። ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር 10 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው ከየአንዳንዳቸው 40 ተማሪዎች መጠይቅ ቢሞሉ ግን ይህ ታሳቢ ፈርሷል።

በአንድ መምህር የተማሩና ከአንድ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ይመሳሰላሉ። የመመሳሰሉን ጥንካሬ የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያሳያል። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 3.2 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ያለፉት ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ በዕጣ የተበተኑ ቢሆን ኖሮ፣ 100 ተማሪ ያስፈተነ ትምህርት ቤት ማንም ሳያልፍለት የመቅረቱ ዕድል 4 ከመቶ አይሞላም ነበር። በአማካይ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ያስፈተነው ወደ 270 ተማሪ ነው። ስለዚህ የተማሪው ውጤት ከትምህርት ቤቱ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ይህ መመሳሰል የሚለካው በውስጠ ቡድን ተዛምዶ ነው። ተዛምዶው 0.2 ነው እንበል። ከየትምህርት ቤቱ ከተወሰዱት 40 ተማሪዎች 1 ተቀንሶ በ0.2 ሲባዛና 1 ሲደመርበት 8.8 ይሆናል፤ ይህም የንድፍ ተጽዕኖ ይባላል። አራት መቶው ለ8.8 ሲካፈል የሚቀረው 45 ነው። አራት መቶ መጠይቅ ተሰብስቦ በዕጣ የተመረጡ የ45 ተማሪዎችን ያህል መረጃ ተገኘ ማለት ነው፤ 5 ከመቶ የተባለውም ስህተት ወደ 15 ከመቶ ይጠጋል። ያው 400 ከ40 ትምህርት ቤቶች አሥር አሥር ሆኖ ቢወሰድ ግን 143 ተማሪ ያህል ይመዝናል። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ገጠር ቀበሌዎች መመላለሱ ወጪና ድካም እንዳለው አይካድም፤ ነገር ግን በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መጠይቅ ማብዛት ያንን ጉዞ አይተካም።

ችግሩ የሚብሰው በንጽጽር ጥናት ነው። ከደብረ ብርሃን አንድ፣ ከአንኮበር አንድ ትምህርት ቤት ወስዶ ሁለት መቶ ሁለት መቶ ተማሪ በቲ ፈተና ያነጻጸረ ጥናት፣ ልዩነቱ የከተማና የገጠር ይሁን ወይስ የሁለቱ ትምህርት ቤቶች ብቻ ሊለይ አይችልም። የፒ ዋጋው ከ0.05 ቢያንስም ጥያቄው እንዳለ ይቆያል፤ የተማሪውን ቁጥር ወደ አንድ ሺህ ማሳደግም አይፈታውም። በየወገኑ በርከት ያሉ ትምህርት ቤቶች ካሉ ተማሪውንና ትምህርት ቤቱን በየደረጃው የሚያሰላ ሞዴል መጠቀም ይቻላል። ሁለት ብቻ ከሆኑ ግን ጥናቱን የሁለት ትምህርት ቤቶች ጥናት ብሎ መሰየም ይበቃል፤ በርዕሱ ላይ «ሰሜን ሸዋ» የሚለውን መጻፍ አያስፈልግም።