ጄት ስኪው በርካሽ፣ ሞተር ሠሪው በፍለጋ

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በርካሽ ከሚገኙት የመዝናኛ ዕቃዎች አንዱ በ1990ዎቹ የተሠራ ጄት ስኪ ነው። «ሞተሩ አይሠራም» የሚል ቃል ከተጨመረበት ከነተጎታች ጋሪው በጥቂት መቶ ዶላር ይሸጣል። ከግቢው እንዲነሳለት ብቻ የሚፈልግ ባለቤት ከተገኘም በነጻ ይሰጣል። ገዢው «ሞተሩን አሠራዋለሁ» ብሎ በደስታ ይዞት ይሄዳል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩን ፈትቶ እንደ አዲስ የሚገጥም ባለሙያ ከጄት ስኪው ይልቅ ብርቅ ሆኗል፤ የሚጠይቀው ዋጋም ብዙ ጊዜ ዕቃው ከተገዛበት ይበልጣል።

«ጄት ስኪ» ዛሬ የዚህ የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት ሁሉ መጠሪያ ይምሰል እንጂ የካዋሳኪ ኩባንያ የንግድ ስም ነው። ካዋሳኪ በ1973 እ.ኤ.አ. ገበያውን ከፈተ። የካናዳው ቦምባርዲየር በ1968 «ሲ-ዱ» ብሎ ያወጣውንና ብዙም ሳይቆይ የተወውን ምርት በ1988 መልሶ ይዞ መጣ። ያማሃም «ዌቭ ራነር» በሚል ስም ተቀላቀለ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሦስቱም ሞተር ባለ ሁለት ምት ነበር፤ በአገራችን የድሮ ቬስፓ የነዳ ሰው የሚያውቀው ዓይነት፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚቃጠል፣ ቴስታታው ላይ ቫልቭ የሌለው፣ ቀላልና ጉልበተኛ ሞተር።

ይህ ሞተር አንድ ትልቅ ጉድለት አለው። ከሚገባለት ነዳጅ ሩብ ያህሉ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ጄት ስኪ ላይ ደግሞ የሚወጣው ወደ ውሃው ነው። የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1996 ያወጣው ደንብ አምራቾች ብክለቱን እስከ 2006 ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ አስገደደ። ካሊፎርኒያ በ1998 ከዚያ የጠበቀ ደንብ አወጣች። ታሆ ሐይቅ ላይ ከ1999 ጀምሮ ካርቡራቶር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር ተከለከለ። ያማሃና ሲ-ዱ በ2002 ባለ አራት ምት ሞተር ይዘው ብቅ አሉ። ካዋሳኪ የመጨረሻውን ባለ ሁለት ምት የቁም ጄት ስኪ ያመረተው በ2011 ሲሆን፣ ያማሃም «ሱፐር ጄት» የተባለውን እስከ 2020 ብቻ በአሮጌው ሞተር አቆይቶ ወደ አራት ምት አዛወረው።

ዕቃው በፋብሪካ ሲቆም ሙያውም ከጋራዥ መውጣቱ አልቀረም። ዛሬ በአከፋፋይ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ወጣት መካኒክ የተማረው ባለ አራት ምት ሞተርና የኮምፒዩተር ምርመራ ነው። ብዙ አከፋፋዮችም ከተወሰነ ዕድሜ ያለፈ ጄት ስኪ አንቀበልም ይላሉ። ባለንብረቶች በዚህ ይናደዳሉ፤ ይሁንና የአከፋፋዩን ሒሳብ ማየት ተገቢ ነው። ጋራዥ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ጨዋማ ውሃ የጠጣ ብሎን ሲፈታ ይሰበራል፤ የተሰበረውን ለማውጣት ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ የግማሽ ቀኑን ሒሳብ ደግሞ የአንድ ሺህ ዶላር ዕቃ ባለቤት ሊከፍል አይፈልግም። 

ባዶ ጠርሙስ ሰጥቶ ሙሉ መውሰድ

ይህን ክፍተት የሞሉት የታደሰ ሞተር በልዋጭ የሚሸጡ ድርጅቶች ናቸው። አሠራሩን ቢራ በሳጥን የገዛ አንባቢ አያጣውም፤ ባዶ ጠርሙስ ያልያዘ ሰው ማስያዣ ይከፍላል፣ ባዶውን ሲመልስ ማስያዣው ይመለስለታል። እዚህም ድርጅቱ ሌላ ሰው የመለሰውን ሞተር አድሶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ደንበኛው ዋጋውንና «ኮር» የሚሉትን ማስያዣ ከፍሎ የታደሰውን ይወስዳል፣ የራሱን የሞተ ሞተር ይልካል፣ ማስያዣውን ያስመልሳል። ለብዙዎቹ የሲ-ዱ፣ የያማሃና የካዋሳኪ ሞተሮች ጠቅላላው ወጪ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ፍጥነቱ ጥቅም ነው፤ ጠንቅ ግን አያጣም። ቢየላው ተበጥሶ የሞተሩን ቤት ከበሳው ማስያዣው በሙሉ አይመለስም። የሚመጣው ሞተርም የማንን ጄት ስኪ ሲነዳ እንደኖረ፣ ሲሊንደሩስ ስንት ጊዜ እንደሰፋ አይታወቅም። ዋስትናውንም ማንበብ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ድርጅት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ምክንያት ሳይጠይቅ ይለውጣል፤ ሌላው ካርቡራቶሩ በባለሙያ ለመታደሱ ደረሰኝ ካልቀረበ አይሰማም።

ደረሰኝ የሚጠይቀው ቢያስቀይምም ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ነው። ጄት ስኪ ላይ ፒስተን በእርጅና ብቻ አይቀልጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልጠው ነዳጅ ሲያንሰው ነው። የ1990ዎቹን ሲ-ዱ የሚያውቁ መካኒኮች ገና ክዳኑን ሲከፍቱ የሚፈልጉት ግራጫ የነዳጅ ቱቦ አለ። ቱቦው ሲያረጅ ውስጡ ይሟሟና አረንጓዴ ዝቃጭ ይሆናል፤ ዝቃጩ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችውን የጥፍር ያህል ወንፊት ይደፍናል። ሞተሩ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ካርቡራቶር ስላለው አንዱ ጎን ጠግቦ ሌላው ይራባል። የተራበው ጎን ይግላል፣ ፒስተኑ ጫፉ ላይ ይበሳል ወይም ከሲሊንደሩ ጋር ይያያዛል። ባለንብረቱ በአንድ ሺህ ዶላር አዲስ ሞተር አስመጥቶ በዚያው ቱቦና በዚያው ካርቡራቶር ላይ ከገጠመው አዲሱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የቱቦው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሌላው ገዳይ አየር ነው። የኮሎው ግራና ቀኝ ያለው ፓራዮሊ ሲደርቅ ሞተሩ ከውጭ አየር ይስባል፤ ውጤቱ ነዳጅ ከማነስ ጋር አንድ ነው። ይህን ለማወቅ ሞተሩ ቀዳዳው ሁሉ ተዘግቶ ጥቂት አየር ይሞላና ግፊቱ ለደቂቃዎች መቆየት አለመቆየቱ ይታያል። ሥራው ቀላል ነው። ሞተር ሠሪ የተባለ ሁሉ ግን አያደርገውም፤ ስለዚህ ደንበኛው ስልክ ሲደውል መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ከመላክዎ በፊት በአየር ይፈትኑታል ወይ?» የሚለውን ነው። 

ቶርኖ ቤት የማይፈታው ኮሎ

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ሞተር ያስወረደ ሰው «ቶርኖ ቤት እያለ ምን ያስጨንቃል?» ሊል ይችላል። ሲሊንደር በማስፋት በኩል እውነት አለው፤ የተጫረ ሲሊንደር በሩብ፣ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊሜትር ይሰፋና በልኩ የተሠራ ፒስተንና ፋሻ ይገባለታል። ያማሃ 701 የሚባለው ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር ነው፤ 82 ሲደርስ ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ወደ ፍጻሜው ተቃርቧል ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ፒስተኑ በእጁ ሳይገባ ሲሊንደር አያሰፋም፤ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ለየራሱ ያሰፋለታል። 

ኮሎው ግን ሌላ ነገር ነው። የመኪና ኮሎ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ ተሞርዶ ወፍራም ብሮንዚና ይገባለታል። የጄት ስኪው ኮሎ ከብዙ ቁራጭ በማሽን ግፊት ተጨምቆ የተገጠመ ነው፤ በብሮንዚና ሳይሆን በኩሽኔታ ይዞራል። አንዲት ኩሽኔታ ለመለወጥ ሁሉንም በፕሬስ ማለያየት፣ መልሶ መጭመቅ፣ ከዚያም በሚሊሜትር መቶኛ ልክ ማቃናት ይጠይቃል። የመኪና ቶርኖ ቤት ይህን ሥራ አይቀበልም፤ ቢቀበልም መስጠቱ አያዋጣም። ጄት ስኪው አንድ ቀን ተገልብጦ ውሃ ገብቶበት ሳይታጠብ ካደረ ደግሞ መጀመሪያ የሚዝገው እነዚህ ኩሽኔታዎች ናቸው። ፒስተኑንና ፋሻውን ብቻ ለውጠው «ታድሷል» የሚሉ ሻጮች የሚዘሉት ይህንኑ ኮሎ ነው፤ ርካሽነታቸውም ከዚያ የመጣ ነው።

ታዲያ ሙያው የት ቀረ? ጄት ስኪ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አይደለም። አንዱ መገኛው የውድድር ሰዎች ዘንድ ነው። የቁም ጄት ስኪ ወዳጆች አሮጌውን ሱፐር ጄት እንደ ጥሩ ፈረስ ይንከባከቡታል፤ ዋጋውም ስላልወደቀ ሞተሩ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይከፋቸውም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በሚሺጋን የበረዶ ላይ ሞተር የሚጠግኑ ጋራዦች ባለ ሁለት ምት ሞተርን ገና አልተሰናበቱም፤ የኮሎ ፕሬሱም አላቸው። የሲ-ዱ ሞተር ደግሞ የበረዶውን «ስኪ-ዱ» ሞተር የሚሠራው የኦስትሪያው ሮታክስ ምርት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ዕቃው እንግዳ አይሆንባቸውም። የበረዶ ሞተር ከመድረሱ በፊትም ሆነ ጄት ስኪ በሚበዛበት ወራት (የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው) ወረፋው ረጅም ነው፤ ክረምታቸው አልቆ በረዶው ሲቀልጥ ግን እጃቸው ይፈታል።

ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ለሚለው መልሱ እንደ ዕቃው ነው። ሲ-ዱ በ2013 «ስፓርክ» የተባለውን አነስተኛ ጄት ስኪ በ4,999 ዶላር ሲያወጣ የታደሰ አሮጌ ባለ ሁለት መቀመጫ ለገዢ ያለው ማማለያ በእጅጉ ቀነሰ። ትልልቆቹ አዳዲስ ሞዴሎች 20 ሺህ ዶላር አካባቢ መድረሳቸው ደግሞ አሮጌውን በሌላ በኩል ደግፎታል። ሞተር፣ ካርቡራቶር፣ ቱቦና ባትሪ ሲደመር ሁለት ሺህ ዶላር የሚጠጋበት ባለንብረት ዕቃውን አሥር ክረምት ሊነዳው ካሰበ ያዋጣዋል፤ አድሶ ሊሸጠው ካሰበ ግን ገንዘቡን አያገኘውም።

ሥራውን የሚሰጥ ሰው የወጣው ፒስተን እንዲመለስለት አስቀድሞ ቢነጋገር ይሻለዋል። የተበሳበት ቦታና የተጫረበት ጎን ሞተሩ በምን እንደሞተ ይናገራል። ሞተሩ በጭነት የሚላክ ከሆነም ነዳጁና ዘይቱ እስከ መጨረሻው ይንጠፍ፤ ቤንዚን የሚሸት ሳጥን የጭነት ድርጅቶች ከመንገድ ይመልሱታል፣ የመላኪያውን ክፍያ ግን አይመልሱም።