ከምሕረት በኋላ

ጸጋ ያለ ዋጋ የተሰጠ ስጦታ ነው። ታዲያ ያልተገባውን ምሕረት በነፃ ያገኘ ሰው ለበጎ ሥራ የሚደክመው ለምንድን ነው? ጥያቄው ቤተ ክርስቲያንን ያህል ዕድሜ አለው። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 11 ምዕራፍ ሙሉ የእግዚአብሔርን ምሕረት ከተረከ በኋላ 12ኛውን የሚከፍተው «እንግዲህ» ብሎ ነው። የክርስቲያን ኑሮ ሁሉ ከዚህች ቃል ይጀምራል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ዘኬዎስም ገንዘቡን ለድሆች ያካፈለው ጌታ ቤቱ ከገባለት በኋላ እንጂ እንዲገባለት አልነበረም።

በ5ኛው መቶ ዓመት አውግስጢኖስ ከጵላግዮስ ጋር ሲከራከር፣ በጎ ለመሥራት መፈለጉም ራሱ ስጦታ መሆኑን አስተማረ። ሉተር በ1520 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስለ ክርስቲያን ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ፣ ነፃ የወጣ ሰው በፍቅር የባልንጀራው አገልጋይ እንደሚሆን አስረዳ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የ1563ቱ የሃይድልበርግ ትምህርተ ሃይማኖት ነው። 129 ጥያቄዎቹ በሦስት ክፍል ተመድበዋል፤ መከራ፣ መዳን፣ ምስጋና። ዐሠርቱ ትእዛዛት የተብራሩት በሦስተኛው ውስጥ ነው። ሕጉን መጠበቅ የመዳን ክፍያ ሳይሆን የዳነ ሰው ምስጋና ሆነ ማለት ነው። ቦንሆፈር ደግሞ በናዚ ዘመን፣ በ1937፣ ኑሮን የማይለውጥ ጸጋ ርካሽ መሆኑን ጽፎ አስጠነቀቀ።

በእኛ አገር የተዋሕዶ መምህራን ጸጋንና ሥራን ነጣጥለው አያስተምሩም። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የበላዔ ሰብ ታሪክ ይነገራል፤ 78 ነፍስ አጥፍቶ በድንግል ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ተማረ። ጥርኝ ውኃ የ78 ነፍስ ካሳ አይሆንም፤ የከበደው ምሕረቱ ነው። ይህን የሰማ ምእመን ዝክር ያወጣል፣ ነዳያንን ያበላል።

ምላሹ ግን ሁልጊዜ ቶሎ አይመጣም። እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን በ1748 መርከቡ በማዕበል ልትሰጥም ስትል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ያንንም ዕለት ዕድሜውን ሙሉ ያስበው ነበር። ሆኖም ከዚያ በኋላ እስከ 1754 የባሪያ መርከብ ካፒቴን ነበር። በንግዱ ውስጥ የሠራውንና ያየውን በአደባባይ ጽፎ የተናዘዘው በ1788 ነው፤ ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ። እነዚያን ዓመታት ባሰብኩ ቁጥር በመርከቡ ሆድ በሰንሰለት የታሰሩት ሰዎች ይታዩኛል። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግዱን በ1807 ሲከለክል ሽማግሌው ኒውተን ገና በሕይወት ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፈ።