ከአፍ የወጣ ቃል እንጀራ ሲያሳጣ

አንድ ታዋቂ ሰው ሌላውን የሚያስቀይም ነገር ይናገራል። ንግግሩ ሳይውል ሳያድር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። በማግሥቱ የሚያሠራው ድርጅት «ከግለሰቡ ጋር የነበረንን ውል አቋርጠናል» የሚል አጭር መግለጫ ያወጣል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ተናጋሪው ብቅ ይልና «ተበድያለሁ፤ ያልኩት እንዲህ አልነበረም» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ወደየቤታችን ይገባል። ጎንደር አራዳ ማኪያቶ ይዘው የተቀመጡ ጓደኛሞች፣ ደባርቅ ላይ ቡና የከበቡ ጎረቤታሞች፣ እራት የቀረቡ አባትና ልጅ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «የእጁን ነው ያገኘ፣ ይበለው!» ሲል ሌላው «በአንድ ቃል ሰው እንጀራውን ያጣል እንዴ?» ይላል።

ውድ አንባቢ፣ እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ። በሙያችን ከታዋቂ ሰዎች ጋር በሚፈረሙ የማስታወቂያ ውሎች ውስጥ የድርጅቱን መልካም ስም የሚጎዳ ንግግር ወይም ድርጊት ውሉን እንደሚያፈርስ የሚገልጽ አንቀጽ የተለመደ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ ሆኜ የማየት ዕድል አለኝ። ከውስጥ ሲታይ ደግሞ «ይበለው» የሚለውም «ተበደለ» የሚለውም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ከሥራ መሰናበት ፍርድ አይደለም። ፍርድ የሚባለው ሁለቱም ወገን ተሰምተው የሚሰጥ ውሳኔ ነው።

አንድ ቢራ፣ አንድ ድምፃዊ፣ አንድ ዐረፍተ ነገር

የአገራችንን ጉልህ ምሳሌ እናስታውስ። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ ከድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) ጋር በፍቅር ጉዞ ስም በተለያዩ ከተሞች ኮንሰርት ለማቅረብ ተስማምቶ ነበር። በደሌ በ2003 ዓ.ም. የሆላንዱ ሄኒከን የገዛው ፋብሪካ ነው። ዝግጅቱ ሊጀመር ሲቃረብ ድምፃዊው ለአንድ መጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ የዐፄ ምኒልክን ዘመቻ «ቅዱስ ጦርነት» ብሎታል የሚል ጥቅስ ተሰራጨ። ዘመቻውን በአያቶቻቸው ላይ የደረሰ በደል አድርገው የሚያስታውሱ ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች ክፉኛ ተቆጡ። በማኅበራዊ ሚዲያም በደሌን አንጠጣም የሚል ቅስቀሳ ተጀመረ። ቴዲ አፍሮ ቃሉ የእርሱ እንዳልሆነ ገልጾ አስተባበለ። ኩባንያው ግን በታኅሣሥ ወር ውሉን ማቋረጡን አስታወቀ።

እስቲ ራስዎን በኩባንያው ወንበር ላይ ያስቀምጡ። ፋብሪካው የሚገኘው በኦሮሚያ፣ በበደሌ ከተማ ነው። ስሙም፣ ሠራተኞቹም፣ ከጠጪዎቹም ብዙዎቹ ከዚያው ናቸው። በዚያ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ጥያቄ «ብሏል ወይስ አላለም?» የሚል አይደለም። «የሚቀጥለው ሳምንት ሽያጭ ምን ይሆናል?» የሚል ነው። ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ቃለ ምልልሱን ከሥር መሠረቱ መመርመር አያስፈልግም። ኩባንያው ገበያውን አዳነ፤ ይህ ሥራው ነው። ስህተቱ የሚመጣው እኛ ተመልካቾች የገበያውን ውሳኔ እንደ ዳኛ ፍርድ አድርገን ስንቀበለው ነው። ውሉ ስለተቋረጠ ብቻ «እንግዲያው ብሎታል ማለት ነው» የምንል ጥቂቶች አይደለንም።

በዚያው ዓመት በእኛው ክልል የተፈጠረውን ደግሞ ጎን ለጎን ያስቀምጡት። አንድ ከፍተኛ የፓርቲ ባለሥልጣን የክልሉን ሕዝብ በስብሰባ ላይ ሲያንቋሽሽ ይሰማል የተባለ የድምፅ ቅጂ ወጣ። ሕዝቡ አዘነ፣ ተቆጣ። ባሕር ዳር ላይ ተቃዋሚ ፓርቲዎች የጠሩት ሰላማዊ ሰልፍ ተካሄደ። ባለሥልጣኑ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በኃላፊነት ላይ ቆየ። እንግዲህ ይመዝኑት። «አላልኩም» ያለው ድምፃዊ በቀናት ውስጥ ሥራውን ሲያጣ፣ ድምፁ ተሰምቷል የተባለው ሹም ወንበሩ አልተነቃነቀም። ድምፃዊው እንጀራው በገበያተኛ እጅ ነበር፤ የሹሙ እንጀራ ደግሞ በፓርቲው እጅ። ማን ሥራውን እንደሚያጣ የሚወስነው የቃሉ ክብደት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

«ተበደልኩ» ብሎ ፍርድ ቤት የሄደው ሰው

ከአገራችን ወጣ ብለን የፋሽን ወዳጆች የሚያውቁትን ጆን ጋሊያኖን እንይ። ከ15 ዓመት ገደማ ጀምሮ የክርስቲያን ዲዮር ዋና ዲዛይነር የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 ፓሪስ ውስጥ በአንድ ካፌ አይሁዳውያንን የሚያንቋሽሽ ስድብ በመሳደቡ ተከሰሰ። ሂትለርን ሲያሞግስ የሚያሳይ ቪዲዮም ወጣ። ዲዮር በመጀመሪያ አገደው፣ ከቀናት በኋላም አሰናበተው። የፓሪስ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው ብሎ በገደብ የታለፈ የገንዘብ ቅጣት ወሰነበት።

ጋሊያኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከመጠጥና ከመድኃኒት ሱስ ጋር እየታገለ እንደነበር ገልጾ ሕክምና ገባ። ያም ሆኖ ስንብቱ አግባብ አይደለም ብሎ በአሠሪዎቹ ላይ ብዙ ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሥራ ክርክር ችሎቱ ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ ጭራሽ እርሱ ለሁለቱ ድርጅቶች አንድ አንድ ዩሮ እንዲከፍል ወሰነ። በዚያው ዓመት ግን ሜዞን ማርጂዬላ የተባለው የፋሽን ቤት በዋና ዲዛይነርነት ቀጠረው፤ እስከ 2024 ድረስም በዚያ ሠራ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ስድቡ ተረጋግጧል፤ ተሳዳቢው ተሰምቷል፤ «ተበደልኩ» ያለበትም አቤቱታ ተመርምሮ መልስ አግኝቷል። መመለሻ መንገዱም አልተዘጋበትም። ፍርዱን ሊወዱት ወይም ሊጠሉት ይችላሉ፤ «አልተሰማም» ማለት ግን አይቻልም። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ ነው።

የተወጋውስ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ተናጋሪው ነው። «በአንድ ቃል» ስንል ግን ቃሉ ያረፈበትን ሰው እንዳንረሳ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ እንደያዙ ብዙም ሳይርቁ ወለቃን ያገኛሉ። በመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራዎች ተደርድረው ይታያሉ። ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት በዚህ አካባቢ በሸክላና በብረት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። በደጋው አገራችን ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ማረሻውን ሠርቶ፣ ምጣዱን ጠፍጥፎ እያቀረበ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ቃሉ ስድብ ብቻ አልነበረም። ርስት የሚያስከለክል፣ ከማዕድ የሚያርቅ፣ ጋብቻ የሚያስቀር ቃል ነበር። ያንን ቃል በመናገሩ ከሥራው የተባረረ ሹም ወይም ታዋቂ ሰው ግን አልነበረም። እንጀራውን ያጣው ተሰዳቢው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አንድ ታዋቂ ሰው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በፆታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ የሚያላግጥ ነገር ተናግሮ ሕዝብ ሲቆጣ «ለአንድ ቀልድ ይህን ያህል!» ብለን ለመቅለል አንቸኩል። ለተናጋሪው ቀልድ የሆነው ለሰሚው አያቱን ከማዕድ ያስነሣ ቃል ሊሆን ይችላል።

አዝማሪው ለምን አይባረርም?

ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ከከተማዋ ብዙም ከማይርቁት እንደ ቡርቧክስ ካሉ መንደሮች የወጡ አዝማሪዎች በሠርግና በድግስ ላይ እንግዳውን በሰምና ወርቅ ሲሸነቁጡት፣ ተሸንቋጩ ራሱ ስቆ ይሸልማል። ለምን? ተነካው የተባለው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። የቃሉን ወርቅ ያውቃል፤ የተናጋሪውን ፊት ያያል፤ ካልጣመውም ግጥም ሰጥቶ መልስ ያስመልሳል።

ስልክ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የሃያ ሰከንድ ቁራጭ ድግሱን ካልበላ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ካልሰማ ሰው እጅ ይገባል። አንዳንዴም ፈጽሞ ያልተባለ ቃል ይጨመርበታል። በጎንደር በአታ ያስተማሩት የአቋቋም ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በስማቸው ከሚነገሩት ቀልዶች ስንቱን በእርግጥ እርሳቸው እንደተናገሩት ዛሬ ማን ሊለይ ይችላል? ስልክ ባልነበረበት ዘመን እንኳ የሰው አፍ በአለቃ ላይ ይህን ያህል ከጨመረ፣ በእኛ ዘመን ሳያጣሩ ማመን ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ይገምቱ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የተባለው ለዚህ ነው።

ሽማግሌውና ሕጉ

በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ተበዳይ ይናገራል፣ በዳይም በተራው ይሰማል፣ ምስክር ይጠየቃል። ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ በዳይ ይክሳል፤ በደሉ የከበደ ከሆነም ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ይቅርታ ይጠይቃል። ዕርቁ ካለቀ በኋላ ነገሩን መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ይህ ሥርዓት በዳይን «ምንም አላጠፋህም» አይለውም። ከቅጣቱ በኋላ ግን ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል። «አጥፍቻለሁ» ሳይሉ «ተበድያለሁ» ብቻ የሚሉ ታዋቂ ሰዎች የሚስቱት የመጀመሪያውን ደረጃ ነው። እኛ ደግሞ የምንስተው የመጨረሻውን ነው፤ ይቅርታ የጠየቀውንም ሰው ዕድሜ ልኩን እናባርረዋለን።

ሕጉም የራሱ ድንበር አለው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185፣ በማንነት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሣሣ ንግግርን እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ይህን የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አይደለም።

ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ይመለከትዎታል። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረዋል፤ ምክንያቱና ቀኑም በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል። ሃይማኖት፣ ብሔርና የፖለቲካ አመለካከት ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይሆኑም። የማስታወቂያ ውል የፈረመ ታዋቂ ሰው ግን በአብዛኛው ተቀጣሪ ስላልሆነ የሚዳኘው በፈረመው ውል ነው። ስለዚህ ክፍያው የተጻፈበትን ገጽ ብቻ አንብቦ መፈረም ያስከፍላል።

በቤትዎ ምን ያድርጉ?

ልጆችዎ ነገ አስተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የሠርግ መድረክ መሪ ወይም የቲክቶክ ታዋቂ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን ነገሮች ከአሁኑ ቢያለማምዷቸው አይጎዱም።

• ቪዲዮ ከማጋራታቸው በፊት ሙሉውን ይፈልጉ። ካልተገኘ አለማጋራት ነውር የለውም።

• ከመናገራቸው በፊት «የምናገርለት ሰው እዚህ ቢቀመጥ ይህን እለው ነበር?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ።

• ሰው ካስቀየሙ «ቅር ያላችሁ ካላችሁ ይቅርታ» አይበሉ። ያሉትን ቃል ጠቅሰው፣ ጥፋቱን ራሳቸው ወስደው፣ ለተጎዳው ሰው ይናገሩ።

• ያላሉት ነገር በስማቸው ከተነገረ በዝምታ አይለፉት። ሙሉውን ንግግር በፍጥነት ያውጡ፤ ማስረጃውንም ያስቀምጡ።

• የሌላው ሰው ስንብት ሲሰሙ አያጨብጭቡ። ከአንድ ሰው ደመወዝ ጀርባ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ቅጣቱ ተገቢ ቢሆን እንኳ የሚያስደስት አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ እቤትዎ ሲገባ «ይበለው» ወይም «ተበደለ» ከማለትዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ያቅርቡ። ተናጋሪው ተሰምቷል ወይ? የተሰደበውስ ተሰምቷል ወይ? ለሁለቱም «አዎ» የሚል መልስ እስኪያገኙ ድረስ ቡናው ይቀጥል፣ ፍርዱ ይቆይ።

ሰላም ይሁኑ።