የፈረስ ኮቴ ሸርጣን፦ ሰማያዊ ደሙ ለምን ተፈለገ?

ፔታ ቲክቫ ቤይሊንሰን ሆስፒታል ተኝቶ ጉሉኮስ የተሰካለት ሰው፣ ጠብ ጠብ እያለ ደም ሥሩ የሚገባው ፈሳሽ ንጹሕ መሆኑን ማን እንዳረጋገጠለት አይጠይቅም። ላለፉት አርባ ምናምን ዓመታት ይህን ሲያረጋግጥ የኖረው በአብዛኛው የአንድ የባሕር ፍጥረት ደም ነው። ስሙ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ይባላል።

ሸርጣን ይባል እንጂ የሥጋ ዘመዶቹ ጊንጥና ሸረሪት ናቸው። ከፔታ ቲክቫ ሜዲትራኒያን ቅርብ ነው፤ እዚያ ግን አይኖርም፣ ቀይ ባሕርም ውስጥ የለም። ዛሬ የቀሩት 4 ዝርያዎች ሲሆኑ አንዱ ከአሜሪካ ሜይን እስከ ሜክሲኮ ዩካታን ባለው ዳርቻ፣ ሦስቱ በእስያ ባሕሮች ይገኛሉ። ጥንት ግን የዚህ አካባቢ ነዋሪ ነበር፤ ሊባኖስ ተራሮች ላይ ሃቀል በተባለ ቦታ ካለው የኖራ ድንጋይ ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋው ቅሪቱ ወጥቷል።

ዘሩ ከዚያም ይርቃል። ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ቅሪት 445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ድንቅነሽን አሮጊት ለምንል ለእኛ ይህ ቁጥር ለማሰብም ይከብዳል፤ እሷ 3.2 ሚሊዮን ብቻ ናት። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት አብዛኛውን የባሕር ሕይወት ያጠፋው እልቂትም፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን የጨረሰውም ይህን ዘር አልጨረሱትም። ሆኖም "ምንም ሳይለወጥ የኖረ" የሚባለውን ወሬ አልቀበልም። በመካከሉ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የኖሩ፣ ሰውነታቸውን መጠቅለል የሚችሉም ወገኖች ነበሩት፤ እነሱ ጠፍተው የባሕሮቹ ቀሩ።

ገልበጥ አድርገው ቢያዩት አፉ እግሮቹ መሐል ነው። መንጋጋ የለውም፤ የእግሮቹ ሥር እሾሃማ ስለሆነ ትልና ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ የሚፈጨው እየተራመደ ነው። ቆሞ ማኘክ አይሆንለትም። አንጎሉ ጉሮሮውን እንደ ቀለበት ስለከበበው የዋጠው ሁሉ በአንጎሉ መሐል ያልፋል። ከእግሮቹ በስተኋላ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በእነሱ ይተነፍሳል። ሾጣጣ ጅራቱ መርዝ የለውም፤ ማዕበል ሲገለብጠው ተደግፎበት ይነሣል። የዓይኑን አሠራር ያጠናው ኬፈር ሃርትላይን እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ወደ ደሙ እንምጣ። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፣ የእሱ በመዳብ፤ ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዋናው ነገር ግን ቀለሙ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ፍሬድሪክ ባንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ባክቴሪያ የተወጋ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ደሙ በሙሉ ረግቶ መሞቱን ጻፈ። በኋላ ከጃክ ሌቪን ጋር ሆኖ የሚያረጋው ነገር ከደም ሴሎቹ እንደሚወጣ አረጋገጠ። ይህ ነገር ደሙን የሚያረጋው የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ሽፋን ስብርባሪ ሲነካው ነው። ይህ ስብርባሪ፣ ባክቴሪያው ተቀቅሎ ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ ሰው ደም ውስጥ ሲገባ ትኩሳት ያስነሣል፤ ሲበዛም ይገድላል። ቀድሞ ስብርባሪው መድኃኒት ውስጥ መኖሩን ለማወቅ መድኃኒቱን ጥንቸል ወግቶ ሙቀቷን መጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የደሙን ምርመራ ፈቀደ።

ሥራው ቀላል ነው። ከመድኃኒቱ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ከደም ሴሎቹ ከተዘጋጀው ፈሳሽም ያንኑ ያህል ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይደባለቃል፤ በ37 ዲግሪ ሙቀት 1 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ ብልቃጡ ይገለበጣል። ረግቶ ከተጣበቀ መድኃኒቱ ተበክሏል፣ ከፈሰሰ ንጹሕ ነው። ለዓመታት ዋና መሥሪያ ቤቱ ፔታ ቲክቫ የነበረውን ቴቫን ጨምሮ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት የሚያመርት ሁሉ ምርቱ ከዚህ ብክለት ነጻ መሆኑን ማሳየት ግዴታው ነው። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት በኦሪት የተከለከለ ነውና ቄሶቻችን ይህን ቢሰሙ ግንባራቸውን መቋጠራቸው አይቀርም። ግን ደሙ የሚነካው ናሙናውን ብቻ ነው፤ ናሙናውም ይደፋል እንጂ ለሕመምተኛ አይሰጥም።

ጣጣው የእንስሳው ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች ተይዘው ልባቸው አጠገብ በመርፌ ይቀዳሉ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ይመለሳሉ፤ ከመቶ 15 ያህሉ እንደሚሞቱ ይገመታል። ለመራባት የሚደርሱት 10 ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። አሜሪካ ዴላዌር ላይ በጨረቃ ሙላት ወጥተው አሸዋ ውስጥ የሚጥሉት እንቁላል ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ወደ አርክቲክ የሚሻገሩ ወፎች የመንገድ ስንቅ ነው።

መፍትሔው አልጠፋም። የሲንጋፖር ተመራማሪዎች ዲንግ ጄክ ሊንግና ሆ ባው ደሙን የሚያረጋውን ፕሮቲን ያለ ሸርጣኑ በላቦራቶሪ የሚሠሩበትን መንገድ ከፈቱ። የአውሮፓ የመድኃኒት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የአሜሪካው በ2025 ዘዴውን ተቀብለውታል። ስለዚህ ከእንግዲህ አዲስ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ኩባንያ የሸርጣን ደም የሚቀዳበት በቂ ምክንያት የለውም።